በዝውውር ፖርታል ዘመን አዲስ የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝ ስንት ዓመት ሊሰጠው ይገባል?

ጥያቄ፦ ከዴንቨር

ሰላም ለሁላችሁ። በቦልደር ከተማ የሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ደጋፊ ነኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር። ዲዮን ሳንደርስ በ2022 መጨረሻ ከጃክሰን ስቴት ወደ ቦልደር ሲመጣ ቡድናችን በዚያ ዓመት ካደረጋቸው 12 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር። አዲሱ አሰልጣኝ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ነባሮቹን ተጫዋቾች ወደ ዝውውር ፖርታሉ (ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ወደሚመዘገቡበት መዝገብ) እንዲገቡ ፊት ለፊት ነገራቸው፤ ከ50 በላይ የሚሆኑትም ሻንጣቸውን ሸክፈው ሄዱ። በ2023 የመክፈቻ ጨዋታ፣ ከወራት በፊት ለብሔራዊ ፍጻሜ ደርሶ የነበረውን የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን (ቲ ሲ ዩን) በገዛ ሜዳው 45 ለ 42 ስናሸንፍ ዘመኑ የኛ ነው ያላለ ደጋፊ አልነበረም። ዓመቱን የጨረስነው ግን በ4 ድልና በ8 ሽንፈት ነው። በ2024 9 ጨዋታ አሸነፍን፤ ተጫዋቻችን ትራቪስ ሀንተርም የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚያገኘውን የሄይስማን ሽልማት ወሰደ። እሱና የአሰልጣኙ ልጅ፣ ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪውና የማጥቃቱ መሪ) ሸዱር፣ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤን ኤፍ ኤል ሲያልፉ ደግሞ በ2025 ወደ 3 ድልና 9 ሽንፈት ወረድን።

ቀደም ሲል አንድ አዲስ አሰልጣኝ ራሱ የመለመላቸው ልጆች ሦስተኛና አራተኛ ዓመት እስኪደርሱ ድረስ ይጠበቅ ነበር፤ ከዚያ በፊት ቢሸነፍ «ያሉት የቀድሞው አሰልጣኝ ተጫዋቾች ናቸው» የሚለው ምክንያት ሰሚ ያገኝ ነበር። ዛሬ ግን ዩኒቨርሲቲ የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ከሜዳ ርቆ እንዲቀመጥ አይገደድም። በ2021 ለአንድ ጊዜ ብቻ የተፈቀደው ነገር፣ ከ2024 ወዲህ ተጫዋቹ በትምህርቱ ብቁ እስከሆነ ድረስ ያለ ገደብ ይፈቀዳል። እንግዲህ ቡድንን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቀየር ከተቻለ፣ አሰልጣኙ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት ውጤት እንዲመዘን መጠየቅ ፍትሐዊ ነው? ወይስ የደጋፊው ትዕግሥት ከሚገባው በላይ አጥሯል? ጓደኞቼ በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለዋል፤ እኔም ወዴት እንደማዘነብል አላወቅሁም።

መልስ 1፦ ከኢንዲያናፖሊስ

ፍትሐዊ ነው፤ ማስረጃውም ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ብሉሚንግተን ውስጥ ይገኛል። ከርት ሲግኔቲ በ2023 ኖቬምበር መጨረሻ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን ሲረከብ ቡድኑ 3 አሸንፎ 9 የተሸነፈ ከመሆኑም በላይ፣ በታሪኩ ከየትኛውም ታላቅ የኮሌጅ ቡድን የበለጠ ሽንፈት የተመዘገበበት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 11 ጨዋታ አሸንፎ ሻምፒዮኑ ወደሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር (ፕሌይኦፍ) ገባ። በሁለተኛው ዓመት 16 ተጫውቶ 16ቱንም አሸነፈ፤ በፕሌይኦፉ ጨዋታዎች በሮዝ ቦውል አላባማን 38 ለ 3፣ በፒች ቦውል ኦሬገንን 56 ለ 22 ቀጥቶ፣ በጃንዋሪ 19 ቀን 2026 ማያሚን በማያሚ 27 ለ 21 ረትቶ የብሔራዊ ሻምፒዮንነቱን ዋንጫ ወደ ብሉሚንግተን አመጣ። ኳርተርባኩ ፈርናንዶ ሜንዶሳ ከካሊፎርኒያ በርክሌይ በፖርታል የመጣ ልጅ ሲሆን ሄይስማንንም ያገኘው እዚሁ ነው።

ይህ ከሆነ በኋላ ማንኛውም የስፖርት ዳይሬክተር አዲሱን አሰልጣኝ ጠርቶ «ኢንዲያና በሁለት ዓመት የቻለውን አንተ ለምን አልቻልክም?» ብሎ ቢጠይቀው መልስ የለውም። የአሰልጣኝ ሊንከን ራይሊንም ጉዳይ አንርሳ። በ2021 4 ብቻ አሸንፎ የነበረውን ዩ ኤስ ሲ (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ተረክቦ፣ ኳርተርባኩን ኬለብ ዊሊያምስን ከኦክላሆማ አስከትሎ በማምጣት በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 11 ድል አደረሰው። በሩ ለሁሉም እኩል የተከፈተ ስለሆነ፣ የተሻለ ተጫዋች መርጦ ማምጣት ያልቻለ አሰልጣኝ በጊዜ ማነስ ሊያመካኝ አይገባም ባይ ነኝ።

መልስ 2፦ ከራሌይ፣ ሰሜን ካሮላይና

የኢንዲያናፖሊሱ ወንድማችን የዘረዘሯቸው ውጤቶች ትክክል ናቸው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን የታሪኩን ዋና ክፍል የዘለለ ይመስለኛል። ሲግኔቲ ወደ ብሉሚንግተን የሄደው ባዶ እጁን አልነበረም። ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ 13 ተጫዋቾችን ይዞ ሄዷል፤ የማጥቃቱንና የመከላከሉን ክፍል የሚመሩት ረዳቶቹ ማይክ ሻናሃንና ብራያንት ሄይንስም አብረውት ተጉዘዋል። እነ ኤይደን ፊሸር፣ ኢላይጃ ሳራት፣ ሚካይል ካማራና ዲያንጄሎ ፖንድስ አሰልጣኙ ምን እንደሚፈልግ፣ ልምምዱ ስንት ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል፣ ስሕተት ሲሠሩ ምን እንደሚደርስባቸው አስቀድመው የሚያውቁ ልጆች ነበሩ፤ ለሌሎቹም ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላም ዋንጫውን ሲያነሡ አብረው ነበሩ። ሰውየውም ቢሆን ቀደም ሲል በኒክ ሴባን ሥር አላባማ ውስጥ የሠራ፣ ከዚያም በሦስት ትናንሽ ዩኒቨርሲቲዎች በዋና አሰልጣኝነት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኢንዲያናን በ62 ዓመቱ የተረከበ ነው። በፖርታል ቡድን ሠራ ከማለት ይልቅ፣ የተሠራ ቡድን ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ አዛወረ ማለቱ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው።

የዚህን ተቃራኒ እኔ በቅርብ ተመልክቻለሁ። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በ2024 ዲሴምበር ቢል ቤሊቺክን ቀጠረ። በኤን ኤፍ ኤል በዋና አሰልጣኝነት ስድስት ሱፐር ቦውል (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) ያሸነፈ፣ የፉትቦል እውቀቱን ማንም የማይጠራጠረው ሰው ነው። በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው፤ ቡድኑም ሰባ ገደማ በሚሆኑ አዲስ ተጫዋቾች ተሞላ። በሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ምሽት ቻፕል ሂል ላይ ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ቡድኑ በመጀመሪያው ጥቃቱ ሜዳውን አቋርጦ ነጥብ አስቆጠረ፤ በአካባቢዬ የነበሩት ሰዎች በመቀመጫቸው አልተቀመጡም ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ቲ ሲ ዩ 48 ለ 14 ሲያሸንፍ አይተናል። ዓመቱ በ4 ድልና በ8 ሽንፈት ተጠናቀቀ። ተጫዋቾቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ችግሩ አብዛኞቹ አብረው ተጫውተው የማያውቁ መሆናቸው ነበር።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚታየው በማጥቃቱ መስመር ላይ ነው። ኳርተርባኩን የሚከላከሉት አምስቱ ግዙፍ ተጫዋቾች ተጋጣሚው ከኳሱ መነሣት በፊት ቦታውን ሲቀያይር ማን ማንን እንደሚይዝ በሰከንድ ውስጥ መስማማት አለባቸው። አንድ የተጋጣሚ ተከላካይ ከውጭ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሲገባና ሌላው ከኋላው ዞሮ ወደ ውጭ ሲወጣ፣ የጥጉ ተጫዋች የራሱን ሰው ለጎረቤቱ አስረክቦ የመጣውን መቀበል ይኖርበታል፤ አንዱ ቢረከብና ሌላው ባይረከብ ኳርተርባኩ ወድቋል ማለት ነው። ይህ ደግሞ በጉልበት ወይም በዝና የሚገኝ ሳይሆን በብዙ መቶ ልምምድ ጎን ለጎን በመቆም የሚመጣ ነው። የዴንቨሩ ጠያቂ የሚያስታውሱት ይመስለኛል፤ በ2023 ሸዱር ሳንደርስ 11 ጨዋታ ተጫውቶ 52 ጊዜ ኳሱን እንደያዘ መሬት ላይ ተጥሏል። የሚወረውረው እጅ ከሀገሪቱ ምርጦች አንዱ ነበር፤ ከፊቱ የቆሙት አምስቱ ግን ገና መተዋወቃቸው ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? አሁን በየዓመቱ የማየው እሱን ነው።

ጠያቂው፦ ከዴንቨር

አመሰግናለሁ፤ 52ቱን አልረሳኋቸውም። ነገር ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እኛ በእግር ኳስ የምናውቀው ዝውውር ውል ያለበትና ሻጩ ክለብ ገንዘብ የሚያገኝበት በመሆኑ፣ ተጫዋች የሄደበት አሰልጣኝ ቢያንስ በገንዘቡ ሌላ ይገዛል። እዚህ ግን ልጁ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲው በአብዛኛው ምንም አያገኝም። ታዲያ ይህን ሁሉ ችኮላ የሚፈጥረው ማነው? ደጋፊው ነው፣ ባለሀብቱ ነው፣ ወይስ ሕጉ?

መልስ 3፦ ከሎስ አንጀለስ

ሦስቱም ናቸው፤ ብዙ ሰው የማያየውን ሕጉን ግን ላስቀድም፤ ምክንያቱም የአዲስ አሰልጣኝ ጫና የሚጀምረው ከጨዋታ ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያ ነው። አሰልጣኝ ሌን ኪፊን ኦሌ ሚስን (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን) ትቶ ወደ ኤል ኤስ ዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) መሄዱ የታወቀው በኖቬምበር 30 ቀን 2025 ሲሆን፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውል የሚፈርሙበት ጊዜ የተከፈተው በዲሴምበር 3 ነበር። ሦስት ቀን! በእነዚህ ሦስት ቀናት ውስጥ አዲሱ አሰልጣኝ የቀድሞው ሰው ለወራት ያግባባቸውን ልጆችና ወላጆቻቸውን በስልክ ማሳመን፣ ረዳቶቹን መቅጠር፣ የነባሮቹን ተጫዋቾች ፊልም መመልከትና ማን እንዲቆይ እንደሚፈልግ መወሰን ነበረበት። ከወር በኋላ ደግሞ፣ ከጃንዋሪ 2 እስከ 16፣ ፖርታሉ ለሁሉም ተከፈተ። አሰልጣኝ የተቀየረበት ቡድን ተጫዋቾች ከዚህ በተጨማሪ የራሳቸው የመውጫ ጊዜ አላቸው። ቀድሞ አሰልጣኙ ከሄደበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነበር፤ አሁን አዲሱ ከተሾመ ከ5 ቀን በኋላ የሚጀምር 15 ቀን ሆኗል። ኒክ ሴባን በ2024 ጃንዋሪ ከአላባማ ጡረታ ሲወጣ ካለን ዲቦር የተረከበው ቡድን በዚያው የ30 ቀን በር ኬለብ ዳውንስን ለኦሃዮ ስቴት አስረክቧል፤ ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ሻምፒዮን ሆነ። ዲቦር ገና ቢሮውን ሳያደራጅ በሀገሪቱ ካሉ ምርጥ ወጣት ተከላካዮች አንዱን አጣ ማለት ነው፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በቫንደርቢልት 40 ለ 35 ሲሸነፍ ግን ይህን ያነሣለት ሰው ጥቂት ነበር።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በ2025 ጁን የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቅዷል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን በታላላቆቹ ዘንድ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ፉትቦል ነው። ከስማቸውና ከምስላቸው አጠቃቀም የሚያገኙት ክፍያ፣ ከ2021 ጀምሮ የተፈቀደው፣ ከዚህ በላይ ይጨመራል። ቀድሞ ባለሀብቱ ገንዘቡን ለስታዲየም ወይም ለሕንጻ ይሰጥና ስሙ በግድግዳው ላይ ተጽፎ ለአርባ ዓመት ይታይ ነበር። ዛሬ ለአንድ ኳርተርባክ የአንድ ዓመት ቆይታ ሲሰጥ የሚጠብቀው ውጤት በዚያው ዓመት የሚታይ ነው። ይህ ጉጉት በቀጥታ የሚያርፈው በአሰልጣኙ ትከሻ ላይ ነው።

በዚህ በእኛ ከተማ የደረሰው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዲሾን ፎስተር በዩ ሲ ኤል ኤ የተጫወተ፣ በተማሪዎቹም ዘንድ የሚወደድ ሰው ነው። ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የተሾመው በ2024 ፌብሩዋሪ ሲሆን፣ የቀድሞው አሰልጣኝ ቺፕ ኬሊ በድንገት ወደ ኦሃዮ ስቴት ስለሄደ ነው፤ ያን ጊዜ ምልመላው አልቆ፣ የዲሴምበሩም ዝውውር አልፎ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ወደ ቢግ ቴን ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ማኅበር) በገባበት የመጀመሪያ ዓመት 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። በ2025 ኤፕሪል ኒኮ ያማሌያቫ የተባለው ዝነኛ ኳርተርባክ ከቴነሲ ተጣልቶ ሲመጣ፣ የፀደዩ ልምምድ እየተገባደደ ሳለ የሁሉም ሰው ግምት በአንድ ሌሊት ሰማይ ወጣ። ፎስተር ሦስት ጨዋታ መራ፤ ሦስቱንም ተሸነፈ፤ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 35 ለ 10 ከተረታ ከሁለት ቀን በኋላም ተሰናበተ። በጠቅላላው ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የመራው 15 ጨዋታ ነው። ልጁን ያመጣው ፖርታል አሰልጣኙን የመታገሻ ጊዜውን ነጠቀው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

መልስ 4፦ ከኢንዲያናፖሊስ

እህታችን ያቀረቡት የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ አሳማኝ ነው፤ ይሁን እንጂ አሰልጣኞቹን እንደ ተበዳይ ብቻ ማየት አይዋጥልኝም። ከኪፊን በፊት ከነበረው አሰልጣኝ ከብሪያን ኬሊ ጋር የነበረውን ውል ለማቋረጥ ኤል ኤስ ዩ የተጠየቀው 54 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት የገባው ግዴታ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህን ያህል የስንብት ክፍያ በውሉ የሚያስገባ ሰው ፈጣን ውጤት ቢጠየቅ ምን ይገርማል? ኪፊንም ቢሆን 11 ጨዋታ ያሸነፈውን ቡድኑን በፕሌይኦፉ ዋዜማ ጥሎ ነው የሄደው። ምክትሉ ፒት ጎልዲንግ ተረክቦ ያንኑ ቡድን እስከ ግማሽ ፍጻሜ አድርሶታል። ተጫዋቹ በአንድ ዓመት ሲሄድ ታማኝነት የለውም የምንል ከሆነ ለአሰልጣኙም ያው ሚዛን ይሁን።

መልስ 5፦ ከታላሃሲ

እስካሁን ያልተነሣ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ምክንያቱም የጠያቂውን ጥያቄ ከሁለቱም ወገን የሚፈትን ነው። አሰልጣኝ ማይክ ኖርቬል የእኛን ፍሎሪዳ ስቴት የያዘው በ2019 መጨረሻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 3 ድል፣ በሁለተኛው 5 ድል አገኘ። በ2021 ሴፕቴምበር ጃክሰንቪል ስቴት የተባለው ከታችኛው ደረጃ የመጣ ቡድን በጨዋታው የመጨረሻ ኳስ ሲያሸንፈን እዚህ ከተማ ውስጥ የእሱን ስም በደግ የሚያነሣ አልነበረም። ያን ጊዜ በዛሬው አሠራር ቢመዘን ኖሮ ተሰናብቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ታገሠው፤ በ2022 10 ጨዋታ አሸነፈ፣ በ2023 ደግሞ መደበኛውን ውድድርና የኮንፈረንሱን ፍጻሜ ጨምሮ 13ቱንም አሸነፈ። የፕሌይኦፉ መራጭ ኮሚቴ የከለከለን ኳርተርባካችን ጆርዳን ትራቪስ ስለተጎዳ ነው፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ግን ሌላ ርዕስ ነው።

ያ ቡድን በፖርታል ከመጡት መካከል እንደ ጃሬድ ቨርስና ኪዮን ኮልማን ያሉትን የያዘ ነበር። ነገር ግን እነዚህ የመጡት ለሦስት ዓመት አብረው ሲሸነፉና ሲማሩ በቆዩ ልጆች መካከል ነው። በ2024 እነዚያ ነባሮቹ ሲመረቁና ወደ ኤን ኤፍ ኤል ሲሄዱ፣ ክፍተቱ እንደገና ከፖርታል በመጡ ዝነኞች ተሞላ፤ ውጤቱም 2 ድልና 10 ሽንፈት ሆነ። አንድ አሰልጣኝ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ዓይነት መንገድ፤ በ12 ወራት ውስጥ ከ13 ድል ወደ 2።

ስለዚህ ለጠያቂው የምሰጠው መልስ የዓመት ቁጥር አይደለም። እኔ አንድን አዲስ አሰልጣኝ የምመዝነው በሁለተኛው ጃንዋሪ ነው፤ ፖርታሉ ሲከፈትና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የተሻለ ገንዘብ ሲያቀርቡ፣ እንዲቆዩለት ከሚፈልጋቸው ተጫዋቾች ስንቱ ቆዩለት? በመጀመሪያው ዓመት ማን እንደሚመጣ የሚወስነው በአብዛኛው ገንዘቡና የአሰልጣኙ ስም ነው። በሁለተኛው ዓመት ማን እንደሚቀር የሚወስነው ግን ልጆቹ በልምምድ፣ በሕክምና ክፍልና በመማሪያ ክፍል ያዩት አያያዝ ነው። ነባሮቹ ከቆዩለት 4 አሸንፎ 8 ቢሸነፍም ይጠበቅ፤ 9 አሸንፎ ግን ሰዉ ሁሉ ከሸሸው፣ የስፖርት ዳይሬክተሩ ያኔ ነው መጨነቅ ያለበት። በኮሎራዶ የሆነውን በዚህ መነጽር ቢያዩት፣ በ2024 መጨረሻ ላይ ሁለቱ ታላላቆች እንደሚሄዱ አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር፣ ጥያቄው ከእነሱ በኋላ ቡድኑን የሚሸከም የሁለትና የሦስት ዓመት ነባር ተዘጋጅቶ ነበር ወይ የሚል ይሆናል። በእኔ እይታ አልተዘጋጀም፤ ይህ ደግሞ የትዕግሥት ጉዳይ ሳይሆን የአሰልጣኙ ሥራ ነው።

ጠያቂው፦ ከዴንቨር

የታላሃሲው ወንድሜ መለኪያ ተመችቶኛል፤ ምንም እንኳ በእኛ ላይ የከረረ ቢሆንም። ጓደኞቼ ሲጨቃጨቁ የሚቆጥሩት ድልን ብቻ ነበር። እኔ አሁን በሁለት ነገር አምናለሁ፤ ሳንደርስ በመጀመሪያው ዓመት ሊሰናበት የማይገባው እንደነበረና፣ በአራተኛው ዓመት ግን «ተጫዋቾቼ አዲስ ናቸው» ሊለን እንደማይችል። አዲስ ያደረጋቸው ራሱ ነውና።

መልስ 6፦ ከኢንዲያናፖሊስ

በሁለተኛው ጃንዋሪ ይመዘን የሚለውን እኔም እቀበላለሁ፤ ሲግኔቲም ቢሆን በዚያ ፈተና ያለፈ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ፔን ስቴት ጄምስ ፍራንክሊንን በ2025 ኦክቶበር ያሰናበተው ለግማሽ ፍጻሜ ባደረሰው ዓመት ማግስት፣ 104 ጨዋታ ካሸነፈላቸው በኋላ ነው። በምትኩ የተቀጠረው ማት ካምቤል ከአዮዋ ስቴት ሲመጣ በርካታ የቀድሞ ተጫዋቾቹን አስከትሎ ነው። ይህ የራሌዩ ወንድማችን «የተሠራ ቡድን ማዛወር» ያሉት መንገድ መሆኑ ነው። ኢንዲያና ላይ የተሳካው ነገር ፔን ስቴት ላይም ከተሳካ፣ የስፖርት ዳይሬክተሮች ከእንግዲህ አሰልጣኝ ሲፈልጉ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚመጣውን ቡድን ጭምር መቅጠር ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ እንደ ፎስተር ያለ፣ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ያደገ፣ ማንንም ይዞ የማይመጣ ምክትል ዋና አሰልጣኝ የመሆን ዕድሉ ምን ይሆናል?